ሰባት መቶ ሃያ ብሎኬት

ገብረዋሕድ ከሁለት ድንጋዮች መካከል የደረቀ አፈር በአውራ ጣቱ እየጠረገ ነበር። ወገቡ እንዳያመው አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ግራ እጁን በሌላው ላይ አስደግፏል። የቤቱ መሠረት ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ ነው። መጋጠሚያዎቹ የእርሳስ ውፍረት እንኳ የላቸውም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድም ቦታ ሳይዛነፍ የሚሄደውን መስመር በዓይኑ ተከተለና፣ አፈሩን ጠርጎ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው መጋጠሚያ ተሻገረ።

ከጀርባው ሚስቱ ብርኽቲ ቤቱን ታጣጥላለች።

“በሩ ጠባብ ነው” ትላለች። “ቀለሙም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀባው፤ ግድግዳው ያሳብቃል። ደግሞስ ከዚህ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ? ክረምት ሲገባ በምን ልንወጣ ነው?”

“በቦት ጫማ ነዋ፣ እትዬ” አለ ሻጩ ኤርሳዶ። “የገርጂ ሰው ሁሉ በቦት ጫማ ነው የሚወጣው። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ከፈለጉ ቦሌ ሞልቷል፤ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ጭቃው ይናፍቅዎታል።”

ደላላው አሌክስ ሳቀ። አሌክስ በሸሚዙ ኪስ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ቀጭን ጎልማሳ ነው። ሻጭም ገዢም ሲቀልድ እኩል ይስቃል፤ ሁለት በመቶው የሚመጣው ከሁለቱም ነውና።

ብርኽቲ የምታጣጥለው ቤቱን ጠልታው አይደለም። ሽንኩርትም ይሁን ቤት፣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያጣጥላል፤ ቀጥሎ ዋጋ ይከራከራል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ምርቃት ይጠይቃል። ከዚህ ሥርዓት አንዱንም ዘላ አታውቅም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ ሁለት ራስ ሳይመረቅላት ከጉልት ተነስታ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡም ለባሏ ሦስት ነገር ነግራዋለች፤ ግድግዳ እንዳትነካ፣ ድንጋይ እንዳታይ፣ ካየህም እንዳትናገር።

ሁለቱን ትእዛዝ ጥሷል። ሦስተኛው ነው የቀረው።

ገብረዋሕድ ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ወገቡ እምቢ ሲለው መዶሻውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ የሚያድረው በብርኽቲ በርበሬ ነው። በርበሬና ሽሮ በትእዛዝ አዘጋጅታ በሰፈራቸው በሃያ ሁለት ላሉ ሆቴሎችና ለቦሌ ቤቶች ታደርሳለች። የምትሠራው በተከራዩት ቤት ግቢ ነው፤ የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ ደግሞ ያስነጥሳቸዋል። ሰባት ዓመት ካስነጠሱ በኋላ በዚህ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ፋሲካ ማግስት፣ “ልጆቼ፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ ልቀቁልኝ” አሉ።

ስለዚህ ለብርኽቲ ቤት ማለት ሰርቪሱ ነው። ሳሎኑና ሦስቱ መኝታ ቤቶች ደስ ይላሉ፤ በጓሮ በኩል ግን በርበሬ የሚቀነጠስባትና ጆንያ የሚደረደርባት ሁለት ክፍል ከሌለች፣ በገዛ ቤታቸው ጾማቸውን ሊያድሩ ነው። ኤርሳዶ ሰርቪሱን አልሠራውም። ቦታው ላይ ገረጋንቲ ደልድሎ ትቶታል። እነሱ የያዙት፣ መቀሌ የነበረቻቸውን ቤት ሸጠው ከበርበሬው ገንዘብ ጋር የደመሩት፣ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ ብር ነው። ቤቱ በመቶ ሰባ አምስት ቢሄድላቸው የተረፈው ለሰርቪሱ ይበቃል። ኤርሳዶ የጀመረው ከሁለት መቶ አሥር ነበር። ብርኽቲ በሁለት ቀን ክርክር መቶ ዘጠና አምስት አድርሳዋለች። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው።

“የድንጋዩም ሥራ” አለች አሁን፣ በእጇ ወደ መሠረቱ እያመለከተች፣ “እንዲያው በችኮላ የተወረወረ ነው።”

ገብረዋሕድ ቀና አለ።

“ኧረ ተዪ ብርኽቲ” አለ። “ይሄስ አልተወረወረም።”

ሦስቱም ወደ እሱ ዞሩ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምናልባት ይታለፍ ነበር። እጁ ግን ገና ድንጋዩ ላይ ነው።

“ይሄን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስገጥም እንዲህ ያለ መሠረት ያየሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ነይ እስኪ እይው፤ ስሚንቶውን ቢያወጡት እንኳ ይቆማል።”

አሌክስ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ብርኽቲ ነጠላዋን አስተካከለች። ሲናደድ ድምፁን የሚያነሳ ሰው አለ፤ እሷ ነጠላዋን ነው የምታስተካክለው።

“ግንበኛ ነዎት እንዴ?” አለ ኤርሳዶ። ፊቱ በርቷል።

“ነበርኩ።”

“ስድስት ወር ሙሉ ይሄን የሚያይልኝ ሰው አጥቼ! የሚመጣው ሁሉ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ አይቶ ነው የሚሄደው።” ከዚያ ወደ ብርኽቲ ዞረ። “መቶ ዘጠና አምስት፣ እትዬ። ከዚህ ከወረድኩ ድንጋዩም ይታዘበኛል።”

“አቶ ኤርሳዶ፣ ትንሽ እንኳን...” አለ አሌክስ።

“አንተም ሰምተሃል። የመሰከረው የራሳቸው ሰው ነው።”

የሚባል ነገር አልቀረም። ወደ ውጭ ሲሄዱ ገብረዋሕድ ከበሩ አጠገብ ሣር ውስጥ አንድ ጥርብ ድንጋይ አየ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከምናምን ይሆናል፤ ላዩ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ፣ የፊተኛው ጠርዙ ብቻ እግር እንዳይመታ ክብ ተደርጓል። ለደጃፍ የተጠረበ ነው። ሲያልፍ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው፤ ምንም ግን አልተናገረም። ብርኽቲ አንድ እርምጃ ከኋላው ነበረች።

ወደ ሃያ ሁለት የተመለሱት በውይይት ታክሲ ነው። ውይይት ደግሞ ሰውን ፊት ለፊት ነው የሚያስቀምጠው። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ እሷ በእሱ ትከሻ በኩል ኋላ የሚቀረውን መንገድ ስታይ፣ እሱ የእሷን ጫማ ሲያይ ብዙ ሄዱ። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት የያዘቻት ዶሮ ብቻ ናት ድምፅ የምታሰማው።

“ስንት ቃል ነበር የተናገርከው?” አለች ብርኽቲ በመጨረሻ።

“አልቆጠርኩም።”

“ብትቆጥር ጥሩ ነበር። እያንዳንዷ ስንት ብሎኬት እንዳስወጣችን ትደርስበት ነበር።”

“ውሸት ሆነብኝ፣ ብርኽቲ።”

“ግብይት ነው እንጂ ምን ውሸት አለው? እሱስ ሁለት መቶ አሥር ሲለኝ እውነቱን መስሎህ ነው? እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ያ አሌክስም ያውቃል። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ።”

ገብረዋሕድ ዓይኑን ከጫማዋ ላይ አነሳ።

“ስለ በሩ ስትናገሪ ዝም ብያለሁ እኮ” አለ። “በሩ ጠባብ ነው።”

ብርኽቲ ፊቷን ወደ ዶሮዋ አዞረች። ልትስቅ ነበር፤ ለመሳቅ ግን ገና ቀኑ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። በግንቦት የማይጠበቅ ዓይነት ነው፤ ቆርቆሮውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ደበደበው። በማግሥቱ ጠዋት ገና እያካፋ ሳለ ገብረዋሕድ ጫማውን ሲያስር ብርኽቲ አየችው።

“ወዴት ነው?”

“ቤቱን በዝናብ ልየው ብዬ። ግንበኛ ቤት የሚያየው ሲዘንብ ነው።”

“ሂድ። ሰው ካገኘህ አፍህ ውስጥ ውሃ ያዝ።”

ገርጂ ሲደርስ ካፊያው አባርቷል። መንገዱ ኤርሳዶ እንዳለው ነበር፤ የጫማው ሶል በሁለት ጣት ወፍሮ ነው ግቢው የደረሰው። የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ቤቱን ዞሮ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ኤርሳዶን አገኘው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ሰርቪስ ይሠራበታል የተባለው ቦታ ላይ ቆሟል። ገረጋንቲው ውሃ አቁሯል። የሚያየው ከኋላ ያለውን ድጋፍ ግንብ ነው። የጎረቤቱ መሬት ከፍ ያለ ስለሆነ አፈሩ እንዳይናድ የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ሰው ያህላል።

“መጡ?” አለ ኤርሳዶ፣ ሳይገረም።

“መጣሁ።”

ገብረዋሕድ ወደ ግንቡ ተጠጋ። ድንጋዩ ያው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አገጣጠሙ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች፣ ክፍተቱ ሁሉ በስሚንቶ ተሞልቷል። ከላይ እስከ ታች አንድ የውሃ መውጫ ቀዳዳ የለውም። ከኪሱ ሲባጎ አወጣና የኪራይ ቤታቸውን ቁልፍ ጫፉ ላይ አስሮ ከግንቡ አናት አንጠለጠለው። ቁልፉ እየተወዛወዘ ቆይቶ ሲረጋ፣ ግንቡ መካከሉ ላይ ገመዱን አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ገፍቶት ነበር። ሆዱን ነፍቷል።

“ምን ይታይዎታል?” አለ ኤርሳዶ።

ገብረዋሕድ ሲባጎውን በጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። ቀስ ብሎ ጠቀለለው። ብርኽቲ እዚህ ብትሆን ምን እንደምትል ያውቃል። ጭንቅላቷን ትነቀንቅና፣ “አይ፣ ይሄማ ቤቱንም ይዞት ነው የሚሄደው” ትላለች። የኤርሳዶን ፊት አየ። ይሄ ሰው እንዲህ ተጨንቆ ሳለ ያን ቢሰማ እዚሁ ውሃው ውስጥ እንደቆመ ሃያ ሺህ ይወርዳል። መናገር እንኳ አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ለዝምታው ደግሞ ትእዛዝ አለው።

ሲባጎው ተጠቅልሎ አለቀ።

“ይሄን ያ መሠረቱን የሠራው ሰውዬ አልሠራውም” አለ።

“አልሠራውም። ለመስቀል አገሩ እንደሄደ በዚያው ቀረ። ጠበቅኩት፤ ኅዳር ሲገባ ሌላ ግንበኛ አመጣሁ። ‘ቀዳዳ አይተውለትም ወይ?’ ብለው፣ ‘ግንቡ ወፍራም ነው፣ አያስፈልገውም’ አለኝ። እኔ መርካቶ ብሎኬትና ምስማር የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ምን ልመልስለት?”

“ውሃው መውጫ ሲያጣ ይገፋል። ይሄን ክረምት አይወጣውም።”

“ቤቱስ?” አለ ኤርሳዶ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ጥያቄው ይኸው መጣ። ገብረዋሕድ ወደ ቤቱ ዞሮ መሠረቱን አየው። ዝናቡ አጥቦት ድንጋዩ ጠቁሮ ያበራል።

“ቤቱን አይነካውም” አለ። “ቤቱ ምንም አይሆንም። ይሄኛው ግን ፈርሶ መሠራት አለበት። ድንጋዩ ደኅና ነው፣ ተመልሶ ይገባል፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። አራት ሰው ካለ በሦስት ሳምንት ያልቃል።”

ኤርሳዶ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ጃንጥላውን ዘጋ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ነበር።

“ይሄን ለምን ነገሩኝ?”

“ጠየቁኝ እኮ” አለ ገብረዋሕድ።

ቤት ሲደርስ ብርኽቲ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ በርበሬ እየነፋች ነበር። ከዋናው ቤት ውስጥ ወይዘሮ ሙሉነሽ አስነጠሱ፤ ሁለተኛ አስነጠሱ፤ ለሦስተኛው ሁለቱም ጠበቁላቸው። ከዚያ ገብረዋሕድ ያየውንና የተናገረውን አንድም ሳያስቀር ነገራት።

“ቤቱን ይነካዋል አላልከውም?”

“አይነካውማ።”

“አዲስ ድንጋይ ይፈልጋል አላልከውም?”

“አይፈልግማ።”

ወንፊቱን አስቀመጠች። ሻሹን ከአፍንጫዋ አወረደች።

“ገብረዋሕድ፣ አንተ ቤቱን የምትገዛው ለእኔ ነው ወይስ የምትሸጠው ለእሱ?”

መልሱን ሳትጠብቅ ወንፊቱን አንስታ እንደገና መንፋት ጀመረች። ቀዩ ዱቄት ጨርቁ ላይ ትንሽ ክምር እየሠራ ከፍ ሲል ያየዋል። ሰኔ ሠላሳ ሊደርስ ሠላሳ ስምንት ቀን ቀርቶታል። በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ያደረገው ነገር ሁሉ ልክ ነበር፤ ሁሉም ግን ያቺን ሁለት ክፍል ከብርኽቲ እያራቀ ሄዷል። ወገቡ ደኅና ቢሆን በገዛ እጁ በአንድ ወር ይሠራላት ነበር።

ወንፊቱ ቆመ።

“ማን ነው መልሶ የሚያሠራው?” አለች።

“እንጃ። ግንበኛ ይቀጥራል።”

“እንደዚያኛው ያለ ቢገጥመውስ?”

“ሊገጥመው ይችላል።”

“አንተ ብትቆምለትስ? ድንጋይ ሳታነሳ። እያየህ፣ ‘ይሄን ወዲህ፣ ያን ወዲያ’ እያልክ። ወገብህ ይችላል?”

ገብረዋሕድ አሰበ። “ሳላነሳ ከሆነ እችላለሁ።”

“እሺ” አለች። ሻሹን ወደ አፍንጫዋ መለሰች። “ከሰፈሩ ሱቅ ስልክ ለአሌክስ ደውልና ለነገ ቀጠሮ ያዝ።”

“ነገ እኔ አፌን ልዝጋ?”

“ለምን ትዘጋለህ?” አለች ከሻሹ ውስጥ። “እስካሁን ተዘግቶ ያውቃል?”

በማግሥቱ አራቱም ጓሮ ውስጥ ቆሙ። ውሃው ጎድሏል። ብርኽቲ ግንቡን አንድ ጊዜ አይታ ፊቷን ወደ ኤርሳዶ አዞረች።

“አቶ ኤርሳዶ፣ ዛሬ ስለ በሩ አላነሳም።”

“አልሐምዱሊላህ።”

“ስለ መንገዱም አላነሳም። ይሄን ግንብ ባለቤቴ ቆሞ ያሠራልዎታል፤ ለራሱ አንድ ብር አይጠይቅም። እርስዎ የግንቡንም የሰርቪሱንም የቀን ሠራተኛ ይችላሉ። ከሱቅዎ ደግሞ የሰርቪሱን ዕቃ ይሰጣሉ፤ ብሎኬቱን፣ ስሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን። ዋጋው መቶ ሰማንያ አምስት።”

“ውይ! ሰርቪስም ሠርቼ፣ አሥር ሺህም ወርጄ?”

“ግንቡ ሐምሌ ላይ ሲወድቅ ለገዢ ምን ብለው ሊያሳዩት ነው?”

“እሱስ...” ኤርሳዶ አገጩን አሻሸ። “መቶ ዘጠና ሦስት።”

“መቶ ሰማንያ ስድስት።”

አሌክስ ሰዓቱ መድረሱን አውቆ መካከላቸው ገባ። የኤርሳዶን ቀኝ እጅ በአንድ እጁ፣ የብርኽቲን በሌላው ያዘና እንደ ሁለት በር መዝጊያ ወደ መካከል ሳባቸው።

“በሉ እንግዲህ ማዘር፣ ትንሽ ከፍ። አቶ ኤርሳዶ፣ ትንሽ ዝቅ። እኔም እኮ ሚስት አለችኝ፣ ምሳ ትጠብቀኛለች። መቶ ዘጠና ይሁን?”

“መቶ ሰማንያ ስምንት” አለች ብርኽቲ። ከዚህ በላይ እንደማትሄድ ገብረዋሕድ ያውቃል፤ ከዚህ በላይ ለአሌክስ የሚከፈለው እንኳ አይተርፍም።

ኤርሳዶ እጁን ሰብሰብ አደረገ። ግንቡን አየ፤ ገረጋንቲውን አየ። ከዚያ ብርኽቲን ትቶ ወደ ገብረዋሕድ ዞረ።

“ሁለት ክፍል ስንት ብሎኬት ይበላል?”

ብርኽቲ ዓይኗን ጨፈነች።

ገብረዋሕድ ቦታውን በእርምጃ ለካ። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። “ሰባት ሜትር በሦስት ተኩል... መካከሉ ላይ አንድ ግድግዳ... ሁለት በር፣ ሁለት መስኮት ሲቀነስ...” ቆመ። “ሰባት መቶ ሃያ።”

“ፋዘር!” አለ አሌክስ፣ የሁለቱንም እጅ እንደያዘ። “ሺህ በሉ እንጂ! ሺህ ማለት ምን ይከብዳል?”

“ሺህ አይፈጅም።”

“ሲጫን ሲወርድ የሚሰበረውስ?” አለች ብርኽቲ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“እሱን አላሰብኩትም” አለ ገብረዋሕድ፣ እንደማፈር ብሎ።

ኤርሳዶ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ፤ በተያዘው እጁ የአሌክስን ክንድ እያወዛወዘ ሳቀ።

“አሥራ ሰባት ዓመት ብሎኬት ሸጫለሁ” አለ። “ሺህ የሚፈልገው ሺህ አምስት መቶ ይለኛል፤ የተረፈውን መልሶ ለጎረቤቴ ይሸጠዋል። የሚበቃውን ልክ የነገረኝ ሰው የለም። ሰባት መቶ ሃያ ካሉ ስምንት መቶ እልካለሁ፤ መኪናው የሚሰብረው የእኔ ነው። ትናንት ቤቱን ምንም አይነካውም ሲሉኝ ደግሞ አምኜ ተኝቻለሁ፤ ላለማመን ምክንያት አልነበረኝም፣ ከትናንት ወዲያ ያመሰገኑትን አይቻለሁ። መቶ ሰማንያ ስምንት፣ እትዬ። ይጨበጥ።”

አሌክስ ሁለቱን እጆች አጋጨና ከላይ በራሱ መዳፍ ጠፈጠፈው። “በቃ! ይባርክላችሁ!”

ኤርሳዶ እጁን ሊወስድ ሲል አልተለቀቀም።

“ምርቃቱስ?” አለች ብርኽቲ።

“የምን ምርቃት?”

“የገዛሁበትን ነዋ።”

“እትዬ፣ ይሄ እኮ ቤት ነው፤ ሽንኩርት አይደለም!”

“የሽንኩርቷ ሴትዮ በሁለት ብር ትመርቅልኛለች። እርስዎ በመቶ ሰማንያ ስምንት ሺህ ሊሰስቱብኝ ነው?”

አሌክስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ “ታንከሩን፣ ማዘር” አላት።

“ለግንባታ ያመጡት የውሃ ታንከር ይቅርልን።”

“ይቅርላችሁ።” እጁን ሳበ። አሁንም አልተለቀቀም።

“እና ያቺ ድንጋይ” አለች፣ በአገጯ ወደ ውጭው በር እያመለከተች። “ሣሩ ውስጥ ያለችው።”

ገብረዋሕድ ሚስቱን አያት። እሷ አላየችውም።

“የደጃፏ?” አለ ኤርሳዶ። “ያ ግንበኛ ሳያስቀምጣት የሄደው? እሷን ወስዳችሁ ብትገላግሉኝ! ለማንሳት አራት ሰው ነው የምትፈልገው።”

ብርኽቲ እጁን ለቀቀችው።

በሚቀጥለው ሳምንት በምስክር ፊት ውሉን ተፈራረሙ። ግንቡ የፈረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ገብረዋሕድ ጠዋት ጠዋት በውይይት እየሄደ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ “ያችን ትልቋን ከታች... አይደለም፣ አዙራት፣ ፊቷ ወዲያ ነው” እያለ አሠራ። ኤርሳዶ በሁለት ቀን አንዴ ብቅ ይልና አጠገቡ ቆሞ ያያል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ገብረዋሕድ ባስተዋቸው ዘጠኝ ቀዳዳዎች ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ እንደ ክር እየወረደ ወደ ቦዩ ገባ። ግንቡ አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱ ክፍሎችም ቆሙ፤ ከስምንት መቶው ብሎኬት መኪናው ሃምሳ አንዱን ሰብሮ፣ ሃያ ዘጠኝ ተረፈ። የቀረውን መቁጠር ለአሌክስ ተተወ፤ ቆጥሮም ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን ገብረዋሕድ ያችን ድንጋይ በአራት ሰው አስነስቶ ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ሊያስወስድ ሲል ብርኽቲ ከጓሮ ጠራችው።

“ወዴት ነው የምትወስዳት?”

“ወደ ዋናው በር ነዋ። ለዚያ እኮ ነው የተጠረበችው።”

“እንግዳ ይዝለል” አለች። “ጆንያ ተሸክሜ የምገባው እኔ ነኝ።”

ድንጋይዋ በሰርቪሱ በር ሥር ተቀመጠች። ሠራተኞቹን ከሸኘ በኋላ የቀረውን ብቻውን ሠራ። ከሥሯ ስሚንቶ ጨመረ፤ በመዶሻው እጀታ አንድ ጥጓን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። ውሃ ልኩን ላይዋ ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ ወደ ግራ ትንሽ ሄደች፤ አንድ ጊዜ መታት፤ አረፋዋ ተመልሳ መካከል ላይ ቆመች። ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ሞልቶ የወጣውን ስሚንቶ ጠረገ።

ብርኽቲ የመጀመሪያውን ጆንያ በወገቧ አቅፋ መጣች። በድንጋይዋ ፊት እግሯን አንስታ ቆመች።

“እስከ ነገ አትርገጫት” አላት። “ትድረቅ።”

“እሺ” አለችና በላይዋ ተሻግራ ገባች። ከውስጥ ጆንያው ሲወርድ ተሰማ።

ገብረዋሕድ በባልዲው ውሃ ስሚንቶ የጨመረበትን መለሰኛ አጠበ፤ ከእጀታው ሥር የደረቀውን ሁሉ በጥፍሩ አስለቀቀ። በጨርቅ አደረቀው፤ በጆንያ ቁራጭ ጠቀለለው። ከዚያ ድንጋይዋን ሳይነካ አልፎ ገባና ከበሩ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።